የባልና ሚስት ሽምግልና በሰሜን ሸዋ፦ የት ይሠራል፣ የት ይሰናከላል

በሰሜን ሸዋ ትዳር ሲታወክ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ፍርድ ቤት አይደለም። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥም ይሁን መንዝ ደጋ ላይ፣ አንኮበርም ይሁን ምንጃር፣ «ሽማግሌ ይግባበት» ይባላል። አገልግሎቱ ቢሮ የለው፣ የዋጋ ዝርዝር የለው፣ ማስታወቂያ አይለጥፍ። የሚሰጡት ሰዎች ደመወዝ የላቸውም፤ ሲጨርሱ ቡናና ዳቦ፣ ቢበዛ ጠላ ይቀርብላቸዋል። ነፃ ነው ተብሎ ግን ከግምገማ አያመልጥም። የሰው ትዳር የሚያክል ነገር እጁ ይገባልና እንዲያውም ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ጠበቅ ተደርጎ ሊፈተሽ ይገባዋል።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር፦ ለኩርፊያ፣ ለገንዘብ ጭቅጭቅ፣ ለአማትና ለዘመድ ጣጣ፣ ለተቀያየመ ልብ ከዚህ የተሻለ የለም። ለዱላ ግን አይሆንም። ለዱላም የሚሆን መስሎ መታየቱ ትልቁ ጉድለቱ ነው።

ጥንካሬው ከምን እንደሚመጣ ለማየት ሽማግሌዎቹ ስለ ፍቅር የያዙትን አቋም ማየት ያሻል። የእርቅ ሽማግሌ «ትወዳታለህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ቢጠይቅም መልሱ አይረባውም፤ የተቆጣ ሰው «አልወዳትም» ይላል፣ ያፈረ ሰው «እወዳታለሁ» ይላል፣ ነገሩ ግን ካለበት ፈቀቅ አይልም። የሚጠየቀው ሌላ ነው። «ወገብህን ያመመህ ጊዜ ማን አገላበጠህ?» «እናቷ የሞቱ ጊዜ ድንኳን ውስጥ ማን ዋለ፣ ማን አደረ?» «ሥራ የፈታህ ጊዜ ቤቱን ማን ይዞ አሳለፈ?» ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ስሜት በትእዛዝ አይመጣም፣ ሰውን ልታዘው የምትችለው በጎ እንዲያደርግ ብቻ ነው ሲል የተከራከረበትን ነጥብ የመንዝ ሽማግሌ ያለ መጽሐፍ ይሠራበታል። ስለዚህም የእርቁ ቃል «ተዋደዱ» የሚል አይደለም። «ደመወዝ በገባ በሦስት ቀን የቤት ወጪ በእጇ ይግባ፤ ለቤተሰብ የሚላክ ገንዘብ ተነጋግራችሁ ይላክ» የሚል ነው። ፍቅር ከሁሉ እንደሚበልጥ የማይስማማ የለም፤ ማክሰኞ ማታ ቤት ውስጥ ምን ሆኖ እንደሚታይ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ሽምግልና ብልጫው እዚህ ላይ ነው።

አካሄዱ እንደየወረዳው ይለያያል፤ ዋናው መሥመር ግን ያው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ሚስት አኩርፋ ወላጆቿ ቤት ስትሄድ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ሚዜ ነው። በደንቡ ሚዜ ሙሽራዋን እንደ እኅት ሊያያት ቃል የገባ ሰው ስለሆነ ስትበደል አቤት የምትለው ለእሱ ነው። ነገሩ ገና ትኩስ ሳለ ሁለት ሦስት ምሽት ከሁለቱም ጋር ተቀምጦ የሚያበርድ ሚዜ ካለ ሽማግሌ ባይጠራ ይሻላል፤ ጉዳዩን የሚያውቀው ሰው ባነሰ ቁጥር መመለሱ ይቀላልና። አሁን አሁን ሚዜ የሚመረጠው ለፎቶ ሲባል ነው፤ ከሠርጉ ማግሥት ጀምሮ የት እንደገባ አይታወቅም። ይህ ደረጃ በመዳከሙ በፊት ቤት ውስጥ ያልቅ የነበረ ነገር ሁሉ ዛሬ በቀጥታ ሽማግሌ ፊት ይቀርባል።

ሚዜው ካልቻለ ሽማግሌ ይመረጣል። የሚበጀው አመራረጥ እሱ ሁለት፣ እሷ ሁለት ይሰይሙና አምስተኛውን አራቱ ተስማምተው ያምጡት፤ ያ ሰው ሰብሳቢ ይሆናል። ለትንሽ ነገር ሦስትም ይበቃል። ዋናው ቁጥሩ ጎዶሎ መሆኑና ሰብሳቢው ከሁለቱም ወገን በሥጋም በጥቅምም አለመነካካቱ ነው። ለአንዱ ብድር ያለበት፣ ከአንዱ መሬት በእኩል የሚያርስ፣ የአንዱን ልጅ ክርስትና ያነሣ ሰው ሰብሳቢ አይሁን፤ አባል ቢሆን ግን ችግር የለውም። ከሰባት በላይ ሲሆኑ ነገሩ ስብሰባ ይሆናል። ሁሉም አንድ አንድ ተረት ተናግሮ እስኪጨርስ ቀኑ ይመሻል።

ቦታው ከባልም ከሚስት ወላጆችም ቤት ውጭ ይሁን። የቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ወይም የገለልተኛ ጎረቤት ቤት ይመረጣል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጥሩ ጊዜ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ከተማ ስለሆነ ግን ከአሥር ሰዓት በኋላ ውጭ መቀመጥ አይመከርም። የቀልድ ምክር አይደለም፦ ብርዱ ሲገባ ሁሉም ጋቢውን እየሳበ «እንግዲህ ይቅር ተባባሉ» ማለት ይጀምራል፣ ገና ያልተነገረ ነገር እያለ።

ዋናው ሥራ ያለው አደማመጡ ላይ ነው። ሰብሳቢው ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ መደቡ ላይ፣ አጎዛ ተነጥፎለት ይቀመጣል፤ ሌሎቹ በግራና በቀኝ። ጸሎትና ምርቃት ይቀድማል። ከዚያ «እስቲ ልጄ፣ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነው፤ ከሥሩ ተናገሪ» ይላታል። እሷ ስትናገር ባል አይተነፍስም። ከተነፈሰ ከዘራው መሬቱን አንዴ ይነካል፤ ያ ይበቃዋል። «ጨርሻለሁ አባቶቼ» ሳትል ማንም አፉን አይከፍትም። ስትጨርስ ከሽማግሌዎቹ አንዱ የተባለውን በራሱ አፍ ይመልስላታል፦ «ደመወዙን ለእናቱ እየላከ እኔን ዱቄት ከጎረቤት አስበደረኝ ነው ያልሽው?» «አይደለም አባባ፤ መላኩን አልጠላሁም። ሳይነግረኝ መላኩን ነው።» እርቁ ቁልፉን የሚያገኘው ከዚህች እርማት ነው። ባልየው «እናቴን ጠላች» እያለ ሲሟገት ከርሟል፤ የእሷ ክስ ግን ስለ እናቱ አልነበረም። ይህን ተራው እስኪደርስ ዝም ብሎ ካልተቀመጠ በቀር ሊሰማው አይችልም። የመድገሙን ሥራ የሚዘሉ ሽማግሌዎች ብዙ ናቸው፤ «ገብቶናል፣ ገብቶናል» ይላሉ። ያልገባቸው ነገር በኋላ ነው የሚታወቀው።

እሱም በተራው በዚሁ ሥርዓት ይናገራል። ከዚያ «እስቲ ዞር በሉልን» ይባልና ሁለቱ ወጣ ይላሉ፣ ሽማግሌዎች ይመክራሉ። እዚህ ላይ የሚመጣው የተለመደ ስንፍና ጥፋትን እኩል ማካፈል ነው። «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል፤ ሁለታችሁም አጥፍታችኋል» ብሎ መዝጋት ለሽማግሌው ይቀለዋል፣ ማንንም አያስቀይምም። ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ እኩል አይደለም። ዋናው አጥፊ ታውቆ ሳለ ጥፋቱ እኩል ሲከፈል ተበዳይ ሁለተኛ ይበደላል፤ ሌላ ጊዜም ሽማግሌ ሲጠራ አይመጣም።

ምክሩ ሁለት ነገር ለይቶ መውጣት አለበት፦ ካሣና ይቅርታ። ፈላስፎች ስለ ፍቅር ሲከራከሩ አንዱ ወገን ሰውን የምንወደው ያለውን መልካም ነገር አይተን ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ መውደዳችን ራሱ ሰውየውን ለእኛ ክቡር ያደርገዋል ይላል። ደህና ሽምግልና ሁለቱንም በየተራ ይጠቀምባቸዋል። መጀመሪያ ይቆጠራል፦ እሷ ምን ሠራች፣ እሱ ምን አደረገ፣ ማን ምን ጎደለበት። ከቆጠራው ካሣ ይወጣል፤ ሳይነገራት የተሸጠች በግ ትተካለች፣ የተሰደቡ አማት ጉልበታቸው ይሳማል፣ የተወሰደ ገንዘብ በሁለትና በሦስት ወር ይመለሳል። ካሣ ሊለካና ቀን ሊቆረጥለት የሚችል መሆን አለበት። «ጠባይህን አስተካክል» ካሣ አይደለም፤ ማን ለክቶ «ተስተካክሏል» ሊል ነው?

ይቅርታው ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ የሚመጣውም እንደ ዕዳ ተጠይቆ አይደለም። በዳይ ተነሥቶ ይንበረከካል፣ በደሉ ከባድ ከሆነ በአንዳንድ ቦታ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ይቀርባል፣ ተበዳይ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ትላለች። ከካሣው በላይ ያለው ትርፍ ስጦታ ነው፤ ማንም «የሚገባኝ ነው» ሊለው አይችልም። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ አገልግሎቱ ይበላሻል። ብዙ ሽማግሌዎች ይቅርታውን አስቀድመው ያስወጡና ካሣውን «እሱ ቀስ ብሎ ይታያል» ይላሉ። ካሣው አይታይም። ይቅር ያለችውም ቤቷ የምትገባው የበደሉን ቁራጭ ይዛ ነው። ምልክቱን ለማወቅ ቀላል ነው፦ «ስለ ሽማግሌ ስትይ» ከተባለች በኋላ ወዲያው «እሺ» ካለች፣ ስለምን «እሺ» እንዳለች ጠይቋት። ካሣውን ዘርዝራ መናገር ካልቻለች እርቁ ገና አልተሠራም፤ ደክሟታል ማለት ነው። ሰብሳቢው ይህን ካየ ቀጠሮ መስጠት እንጂ መመረቅ የለበትም።

በደብረ ብርሃን ሌላ ፈተና አለ። የብርድ ልብስ ፋብሪካው ዘመን ያስቆጠረ ነው፤ አሁን ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩና በዙሪያው የተተከሉት ፋብሪካዎች ከየወረዳው ወጣት ሰብስበዋል። አብረው በኪራይ ቤት ኑሮ የጀመሩ ጥንዶች ወላጆቻቸው አይተዋወቁም፣ ሚዜ የላቸውም፣ እድር ገና አልገቡም። ሽምግልና ደግሞ የሚሠራው ያለፈውን በሚያውቅ ምስክር ነው። አርስቶትል ወዳጅነትን በሦስት ከፍሎ ነበር፦ ለጥቅም፣ ለደስታ፣ ለሰውየው መልካም ጠባይ ሲባል የሚመሠረት። የመጨረሻው ጊዜ ይፈልጋል ይልና አብረው ጨው ሳይበሉ ሰዎች አይተዋወቁም የሚለውን የዘመኑን ብሂል ይጠቅሳል። ደመወዝ አዋጥተው ኪራይ ለመክፈል የተጠጉ ጥንዶች ገና በመጀመሪያው ላይ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይህ ነውር የለውም። የሚሳሳተው ሽማግሌው ነው፤ ሃያ ዓመት አብረው እንደኖሩ ቆጥሮ «እንዲህ ያለ ትዳር እንዴት ይፈርሳል» እያለ ያለቅሳል። ለእነዚህ የሚበጀው ትንሽ ሽምግልና ነው፦ ሁለቱን የሚያውቅ አንድ የሥራ ባልደረባ፣ የቤት አከራይዋ እትዬ፣ አንድ የሰፈር አዋቂ። አጀንዳውም የኪራይና የወጪ ክፍያ፣ የቤት ሥራ ክፍፍል፣ የምሽት ተራ ሥራ ቢሆን ይበቃል። ልጅ ካለ የልጁ ጉዳይ ለብቻው ይታይ።

ሴት ሽማግሌ አለመኖሩ አሁንም የአገልግሎቱ ጉልህ ቀዳዳ ነው። አምስት ወንድ ፊት አንዲት ሴት የመኝታ ቤት ጉዳይ አትናገርም፤ «ጠባዩ ከበደኝ» ብላ ታልፈዋለች፣ ሽማግሌዎቹም በጠባይ ላይ ይመክራሉ። ከሷ ከሚሰየሙት ሁለቱ አንዷ ሴት ትሁን፤ አክስት ብትሆን፣ የምትከበር ባልቴት ብትሆን። ሰብሳቢው አልፈቅድም ካለ ሌላ ሰብሳቢ መፈለግ ነው።

ዱላን በተመለከተ ለማለዘብ አንሞክርም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን የኃይል ጥቃት በስም ጠቅሶ ያነሣዋል። ስለዚህ የተመታች ሴት ስትመጣ የሽማግሌ ሥራ ሐኪም ቤት መውሰድ፣ የሕክምና ማስረጃ እንዲጻፍላት ማድረግ፣ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ወረዳው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ማድረስ ነው። በቁስል ላይ መቀመጥና «እርቅ ደም ያደርቅ» ማለት እዚህ ቦታው አይደለም። ተረቱ የተነገረው በደም ለተፈላለጉ ቤተሰቦች ነው፤ በአንድ ጣራ ሥር፣ ማታ በር ተዘግቶባት ከመቺዋ ጋር ለምታድር ሴት አይሠራም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ ሽምግልና ሁለቱም ሳይፈሩ መናገር መቻላቸውን ይፈልጋል። የምትፈራ ሴት «ጨርሻለሁ አባቶቼ» የምትለው ሳትጀምር ነው። በመንደሩ ይሉኝታ የተነሣ ሦስተኛና አራተኛ ጊዜ ዋስ እየተጠራለት ወደ ቤቱ የሚመለስ መቺ ካለ ያ ሽምግልና አገልግሎት መስጠት አቁሟል።

ሕጉ ሌላም ወሰን ያሰምራል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚያዩት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ሥልጣኑን ለፍርድ ቤት ሰጠ። አማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 አውጥቷል። እንግዲህ ሽማግሌ «አፋታናቸው» ቢል ሰማንያው አልፈረሰም፤ ንብረት ቢያካፍልም ስምምነቱ ፍርድ ቤት ቀርቦ ካልጸደቀ የኋላ ክርክር ይወልዳል። ይህን ሳያውቁ ሌላ ትዳር የመሠረቱ ሰዎች ጣጣ ውስጥ ይገባሉ። በሌላ በኩል በፌዴራሉ ሕግ ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስቱን ወደሚመርጧቸው ሽማግሌዎች ሊመልሳቸው፣ እርቁ ካልሆነ ደግሞ ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ስለዚህ ፍርድ ቤት መክሰስ የሽምግልናን በር አይዘጋም። «ፍርድ ቤት ከሄድሽ እኛ እጃችንን አወጣን» የሚሉ ሽማግሌዎች ወይ ሕጉን አያውቁም ወይ አኩርፈዋል።

ከጎን ያሉት አማራጮች በአጭሩ፦ የንስሐ አባት ምሥጢር በመጠበቅ ማንም አይደርስበትም፤ የሁለቱም አባት ከሆኑ ግን የአንዱን ኑዛዜ ለሌላው መጠቀም ስለማይችሉ እጃቸው የታሰረ ነው። በቁርባን ለተጋቡት ደግሞ ሽማግሌም ንስሐ አባትም ጠንክረው ይይዛሉ፣ ይህ ይታወቅ። በቀወትና በኤፍራታና ግድም ያሉ ሙስሊም ቤተሰቦች ሼኾችን ይጠራሉ፤ ቁርኣኑ ከባል ወገን አንድ፣ ከሚስት ወገን አንድ ዳኛ ላኩ ስለሚል አሰያየሙ ከላይ ካልነው ጋር ይቀራረባል። ጉዳዩ በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲታይ ከተፈለገ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል።

ስለ ወረቀት አንድ ነገር። ሽማግሌዎች «በሰው ፊት የተነገረ ቃል ይበቃል» ብለው መጻፍን እንደ አለመተማመን ያዩታል። ይጻፍ። አንድ ገጽ፣ ቀን፣ የሁለቱ ስም፣ ከሦስት ያልበለጡ ግዴታዎች ከነጊዜያቸው፣ የዋሶች ስም፣ የሁሉም ፊርማ፤ ሦስት ቅጂ ሆኖ አንዱ ሰብሳቢው ዘንድ ይቀመጥ። የበደሉ ዝርዝር ግን እንዳይጻፍበት። ወረቀት ከእጅ ይወጣል፣ የቤት ገመና ሰፈር ይዞራል፣ ከእርቁ በኋላ የሚመጣው ሐሜት ከጠቡ ይከፋል። ከሦስት ግዴታ በላይ ከተጻፈም አንዱም አይከበርም። ዋስ ሲጠራ የሚናገረውን የሚሰሙት ሰው ይሁን፤ አባት ብቻ ዋስ ሲሆን ልጁን ይሸፍናል።

ጊዜ ሲመረጥ ኅዳርና ታኅሣሥ ይለፉ፤ አጨዳና ውቂያ ላይ ያለ ሽማግሌ አካሉ ይመጣል እንጂ ልቡ አውድማው ላይ ነው። ዐቢይ ጾም ደህና ወቅት ነው። ድግስ ስለማይጠበቅ ወጪ የለም፣ «በግ ሳይታረድ ምን እርቅ ነው» የሚል ጥያቄም አይነሣም። በግ ማረድ የሚፈልግ ከፋሲካ በኋላ ይረድ፤ ግን ግዴታዎቹ ከተፈጸሙ በኋላ እንጂ በእርቁ ዕለት አይሁን። በዕለቱ በግ የታረደለት እርቅ ላይ ሽማግሌ ደፍሮ «ካሣው የት ደረሰ?» ብሎ ሲጠይቅ አይታይም።

አብዛኞቹ ሽምግልናዎች የሚጎድላቸው ክትትል ነው። ምርቃቱ ሲያልቅ ሁሉም ይበተናል፤ ቀጥሎ የሚሰማው ሁለተኛው ጠብ ነው። ስለዚህ ገና ሳይነሡ ቀን ይቆረጥ፦ በአርባኛው ቀን ገደማ ሰብሳቢው ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሄዶ ሁለቱን ለየብቻ ያነጋግር፣ ወረቀቱን አውጥቶ ግዴታዎቹን በተራ ይጠይቅ። በስልክ አይሁን። በስልክ ሁሉም «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ቤቱ ሄደው ቡና ሲፈላ ተቀምጠው ያዩት ሌላ ነው፤ ከግዴታዎቹ አንዱ ካልተፈጸመም ዋሱ በዚያው ሳምንት ይጠራ።